አስተያየት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት

በአዳራሹ ደረጃ ላይ ከተለያየን ወዲህ፣ ከአናጺው ጋር ከሥራ ሰላምታ ያለፈ ቃል ሳንለዋወጥ ሁለት ወር ሞላን። ያን ቀን እኔ ስወጣ እሱ ሲወርድ ተገናኘን። ፊቱ ጠቁሮ ስላየሁት ምን አስቀይሜው እንደሆነ ጠየቅሁት። ባርኔጣውን አወለቀና «ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቅር አላለኝም፤ ሥራ ነው» ብሎኝ ወረደ። ስለ ጣውላው መስሎኝ ነበር። ለመድረክ ሥራ የጠየቀውን ጣውላ በዚያው ሰሞን ግዢ ክፍል ከልክሎት፣ የክልከላውን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዴት ለጣውላ ያኮርፋል ብዬ ታዘብኩት። ሁለት ወር ሙሉ ስታዘበው ከረምኩ። የታዘብኩት ስላሳዘነኝ መሆኑን ግን ለራሴም አላመንኩም ነበር።

በማዘጋጃ ቤቱ የባህልና ኪነ ጥበብ ዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ጀመርኩ፤ ከዚያ መዝጋቢ፣ ከዚያ ዕቅድ ባለሙያ፣ አሁን ይኸው። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ የከተማዋ ካርታ አለ። አረንጓዴ ምልክት ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ሰማያዊ የሙዚቃ መለማመጃ ክፍል፣ ቀይ የተዘጋ ሲኒማ ቤት። ባለቤቴ የሙዚቃ አስተማሪ ነበር። ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት ይህን ካርታ ለረጅም ጊዜ ተመልክቶ «ጣሪያውን ሁሉ አስገብተሻል፤ ሰዎቹ የታሉ?» አለኝ። አላሾፈም። እኔም ነገሩን ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። ዘንድሮ የአሥር ዓመቱ ዕቅድ ሲዘጋጅ በየሰፈሩ የአስተያየት ቅጽ እንዲበተን ያደረግሁት ለዚያ ነው።

ቅጹ ሲመለስ የሚሠራበትን ደንብ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የጸሐፊው ስምና አድራሻ ተቆርጦ ለብቻ ይቀመጣል። አንዲት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ አስተያየቱን በአንድ መስመር ታጠቃልለዋለች። ምላሽ የሚሰጠው ማጠቃለያው ብቻ ታይቶ ነው፤ የትልቅ ሰው ዘመድ ከጎዳና ነጋዴ እንዳይበልጥ። አራት መቶ ምናምን ምላሽ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈረምኩ። እጄ ደንዝዞ ነበር፤ ኅሊናዬ ግን ንጹሕ ነበር። በዚያ ደንብ ኮርቼበታለሁ።

ሐሙስ ጠዋት አናጺው የሥራ መልቀቂያ ክሊራንስ ይዞ መጣ።

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ ሜትር» እያለ ነው። መለኪያው ከኪሱ ተለይቶ ታይቶ አያውቅም። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ከአባቱ የጣውላ ቤት ሥራ የጀመረ፣ ሃያ ዓመት የአዳራሹን መድረክ ያቆመና ያፈረሰ ሰው ነው። በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ሌላ ከተማ አዲስ አዳራሽ ሠርቶ የመድረክ ሥራ ኃላፊ አድርጎ ቀጥሮታል። በዚያው ዕለት በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ሊሄድ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከእሱ አይደለም፤ በር ላይ ካለችው ጸሐፊዬ ነው። እሷን ደግሞ «ማኅተም» እንላታለን፤ የማኅተሙን ሣጥን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ስለምትዞር።

«ጋሽ ሜትር፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ስትለካን ኖረህ አሁን ጥለኸን ልትሄድ?» ስትለው ሰማሁ።

«ለክቼ ጨረስኳችሁ» አላት።

ገባና ቆመ። እንዲቀመጥ ብነግረውም አልተቀመጠም። ከስድስት ክፍል አምስቱ ፈርመዋል፤ የእኔ ብቻ ቀርቶታል። በእኔ ቦታ ላይ «ያልተጠናቀቀ ሥራ ካለ ይገለጽ» ይላል። ማኅደሩን ገለጥኩ። ባለፈው ዓመት የአዳራሹ ወንበሮች ሲታደሱ የሠራሁት ግምገማ ወጣ፤ በራሴ እጅ ጽሑፍ፦ ሰባተኛ ረድፍ፣ ወንበር አሥራ ሁለት፣ ሳይጠገን ቀርቷል።

ያ ወንበር የባለቤቴ ነበር። እኔ አሥራ ሦስተኛው ላይ፣ እሱ አሥራ ሁለተኛው ላይ። ሲነቃነቅ የሚጮህ ወንበር ነው። ከእድሳቱ በኋላም እንደሚጮህ ሳውቅ ውስጤ ደስ አለው፤ ረስተውልኛል ብዬ። ግን ሪፖርት ሪፖርት ነው። ያየሁትን ጉድለት አልደብቅም፤ ጻፍኩት።

አሁንም ጻፍኩ። «ወንበሩ ሲጠገን የሚጸና» ብዬ ፈረምኩ።

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኑ ውስጥ የነበረው ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «እውነት ይጠገን ይላሉ?» አለኝ።

በደረጃው ላይ የሰጠኝን ቃል መለስኩለት። «ሥራ ነው።»

«እሺ» አለ። በሩን ሲዘጋ ድምፅ እንዳይሰማ እጀታውን ይዞ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ሲያልፍ የጣውላ ሽታ ቢሮዬ ውስጥ ቀረ። መስኮቱን ልክፈት ብዬ ተነሣሁና፣ ሳልከፍት ተመልሼ ተቀመጥኩ።

*

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ማኅተም ከምክር ቤቱ የባህል ኮሚቴ የመጣ ፖስታ አስቀመጠችልኝ። ዕቅዱ በነጋው ይቀርባል። ከዚያ በፊት ኮሚቴው ሃያ አስተያየቶችን በዕጣ አውጥቶ ማጠቃለያውን ከዋናው ቅጽ ጋር አመሳክሯል። አሥራ ዘጠኙ ላይ የትክክል ምልክት ተደርጓል። በሃያኛው ላይ አንድ የማላውቀው አባል በእርሳስ ጽፏል፦ «ማጠቃለያው ከዋናው ጋር አይገናኝም። ምላሹ እስከ ነገ ጠዋት ይታረም።» ከሥሩ ደግሞ በቀጭኑ፦ «ዋናውን ኃላፊዋ ራሷ ታንብበው።»

ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። ማጠቃለያ፦ የአዳራሽ ወንበር ጥገናን ይመለከታል። ምላሽ፦ ያቀረቡት ሐሳብ ከዕቅዱ ወሰን ውጭ በመሆኑ ልንቀበለው አልቻልንም፤ ለተሳትፎዎ እናመሰግናለን። ከሥሩ ስሜ፣ ፊርማዬ፣ ክቡ ማኅተም።

ዋናውን ገለጥኩ። ስም የለውም፤ ግን እጅ ጽሑፉን ዕንጨት ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ በወፍራም የአናጺ እርሳስ የተጻፈ።

«በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ» ለሚለው እንዲህ ብሎ ነበር፦

«ይህን ቅጽ የሚያነቡት እርስዎ ስለሆኑ ነው የምጽፈው። ፊት ለፊት እንዳልናገር አፌ ይያዛል። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ እኔ የጣውላ ሰው ነኝ። አሥራ ሁለተኛው ወንበር ሳይጠገን ቀረ ብለው ጽፈዋል። ልክ ነዎት፤ ግን ረስቼው አይደለም። ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ ወደ እርስዎ ዘንበል ብለው ሲያንሾካሹኩ ያ ወንበር ይጮኻል። እርስዎ ሰው ሰማ ብለው ይደነግጣሉ፤ ከዚያ ፈገግ ይላሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አይ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ብቻዎን መምጣት ሲጀምሩ፣ ከመቀመጥዎ በፊት ወንበሩን በእጅዎ ጫን አድርገው አንዴ ያስጮኹታል። ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ወንበር ጠግኛለሁ። ያንን በየትኛው እጄ ልጠግነው? የምጠይቀው ይህን ነው። ወንበሩ እንዳለ ይቆይ። እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቼ በሌላው ጎንዎ፣ አሥራ አራተኛው ወንበር ላይ መቀመጥ ይፈቀድልኝ።»

«ለማን ይጠቅማል» ለሚለው፦ «ለሁለት ሰው።»

«መቼ ይፈጸም» ለሚለው፦ «እኔ አልቸኩልም። ጣውላ እስኪደርቅ መጠበቅ ለምጃለሁ።»

ማኅተም በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር እየጠየቀችኝ ነበር። አልሰማኋትም። ወንበሩን ማስጮኼን በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ኀዘኔን ከሰው ዓይን ጠብቄ ይዤዋለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ለካ አንድ ሰው አብሮኝ ሲጠብቀው ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ለተሳትፎው አመስግኜ ሸኝቼዋለሁ።

*

ቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ እማማ ሄድኩ።

እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። ልጃቸው ሲሞት ሰው ሁሉ ወደ ሴት ልጃቸው ይሄዳሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ሻንጣቸውን ፈትተው «እኔና አንቺ እንዋዋሳለን» አሉኝና ቀሩ። በዚህ ምድር ላይ የምፈራው የእሳቸውን ፊት ነው። ሌላው ሰው አናጺ ነው ይበል፣ አልተማረም ይበል፣ እሱን እችለዋለሁ። ለባሌ እናት ግን ምን ብዬ ልናገር? እንዲሁ ደብቄ መቅረት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ሆነብኝ።

ዓይናቸው ስለደከመ አነበብኩላቸው። እንደ ቃለ ጉባኤ ነው ያነበብኩት። ስጨርስ «ዘንበል ብለው ከሚለው ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ልጄን ፊቴ ላለማንሳት ይጠነቀቃል» አሉ። «መልካም ሰው ነበር ይሉኝና ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እንዲህ ያንሾካሹክ እንደነበር የነገረኝ የለም። ይሄ ሰውዬ ልጄን አይቶልኛል።»

አናጺ መሆኑን፣ ሥራ ላይ በሥሬ የነበረ መሆኑን፣ በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ የሚሄድ መሆኑን፣ ሰው ብዙ እንደሚያወራ ነገርኳቸው። ለካ አፌ የሚለምነው እንዲከለክሉኝ ነበር።

«የእኔ ልጅ ምን ሚኒስትር ነበር?» አሉኝ። «ፒያኖ ሲጎረጉር ነው የኖረው። ይሄኛው ጣውላ ይጎረጉራል። አንቺ ዕድልሽ ጎርጓሪ ነው።»

ሳቅሁ። ሳቄ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ጭንቅላቴን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ፊታቸው አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ እሳቸውም ፊቴ። እያንዳንዳችን ሌላኛዋን ለማትረፍ ብለን። ትንሽ ቆይተው ገፋ አደረጉኝ።

«ታዲያ ምን ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ? ሰውዬው ይሄድ የለም እንዴ? ደግሞ ይኼን ሻሽ ለውጪው፤ የመዝገብ ቤት አቧራ ይዟል።»

ሻሼን እሳቸው ራሳቸው መርጠው አሰሩልኝ። ከእናቴ በኋላ አንገቴን እንዲያ የነካ እጅ የለም።

*

ቢሮ ተመልሼ ሁለት ነገር ጻፍኩ። ለምክር ቤቱ፦ «ጉዳዩ የግል ነው፤ ምላሹ ለአስተያየት ሰጪው በቀጥታ ይሰጣል።» ሁለተኛው ለአናጺው የሚሰጥ ደብዳቤ ነው። ማኅተም ልታትም ተቀብላ፣ ሳታነብ የማታትም ሰው ናትና አነበበችው። ከዚያ ቁልፏን ከአንገቷ አውልቃ ሣጥኑን ከፈተች፤ ማኅተሙን አንዴ ተንፍሳበት አተመችው። ስወጣ «አዳራሹ ውስጥ ነው፤ በኋላው በር ይግቡ፤ የፊቱ ተቆልፏል» አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት የሥራ መብራት ብቻ በርታለች። አናጺው ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ አሥራ አራተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። የዕቃ ሣጥኑ ተዘግቶ እግሩ ሥር ነው። ሲያየኝ ተነሣ።

«ጨርሻለሁ» አለ። «ይፈትሹት።»

በሌላው ጫፍ ገብቼ አሥራ ሁለተኛውን ወንበር እንደ ልማዴ ጫን አደረግሁት። አልጮኸም። እንደገና ጫን አደረግሁት። ያዘዝኩት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ። ልቤ እስኪሰበር ቆሜ ጠበቅሁ። አልተሰበረም።

አናጺው ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ለዘበኛው ሊተውልኝ አስቦ «ለዕቅድ ክፍል ኃላፊ» ብሎ ጽፎበታል። ውስጡ አንድ ያረጀ ማጠፊያ ብረትና ብሎኑ አለ፤ ተፋጭተው ያበሩ።

«ብረቱን ቀየርኩት እንጂ አልጣልኩትም» አለ። «ሲፈልጉ ያሹት። ድምፁ እሱ ነው።»

ብረቱን በጣቶቼ አሸሁት። ያው ድምፅ ነበር፤ አጭር፣ የሚያሳፍር፣ የታወቀ። ፈገግ ማለቴን ያወቅሁት የእሱን ፊት አይቼ ነው። ይህን ፈገግታ ከመጋረጃ ጀርባ ብቻ ያየው ሰው፣ አሁን በሦስት ክንድ ርቀት ቆሞ ዓይኑን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

ያን ጊዜ ነገርኩት። ስለ ደንቡ፣ ስለ ማጠቃለያው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስለተፈረመው ሁሉ። ቅጹን ያነበብኩት ዛሬ መሆኑን፣ ደረጃው ላይ ስለ ጣውላ ያኮረፈ መስሎኝ እንደነበር።

«ታዲያ የመለሰልኝ ማነው?» አለ።

«ደንቡ።»

አሰበበት። «እኔ ደግሞ ደንቡን አልጠየቅሁም ነበር።»

ደብዳቤውን ሰጠሁት። ወደ መብራቱ ጠጋ ብሎ፣ የዕንጨት ልክ እንደሚያነብ ቀስ ብሎ አነበበው። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ የተሳሳተ ምላሽን ስለማረም። በአስተያየት ቁጥር 214 ላቀረቡት ጥያቄ ሳይነበብ ምላሽ የተሰጠ በመሆኑ የቀድሞው ደብዳቤ ተሽሯል። ዋናውን አንብቤዋለሁ። ሐሳቡ ከዕቅዱ ወሰን ውጭ ነው፤ ከእኔ ግን አይደለም። አሥራ አራተኛው ወንበር ተፈቅዷል። ኀዘኔን ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። ግልባጭ፦ ለእማማ።»

መጨረሻው ላይ ሲደርስ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀ ነው። ዓይኑን ሲጠርግ ግን ሁለቱም መሆኑን አየሁ። «ማኅተምም ተመቶበታል» አለ።

«ክሊራንስዎን ፈርሜያለሁ» አልኩት። «ወንበሩም ተጠግኗል። ከአሁን ጀምሮ አለቃዎ አይደለሁም። አለቃዎ ብሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ መስጠት አልችልም ነበር።»

እንዳይሄድ አልለመንኩትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጣውላ የለመነ ሰው፣ አሁን ጣውላ አልነፍግህም ያለው ከተማ አግኝቷል። እሱም ቃል ሰጥቻለሁና እሄዳለሁ አለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ። ቃሉን የሚበላ ቢሆን ኖሮ ቅጹ ላይ በጻፈው ባልተማመንኩ። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አራት ዓመት ለጠበቀ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ለእኔም አይደለም።

ሣጥኑን አነሣ። መልሶ አስቀመጠው።

«ቅዳሜ ትርኢት አለ?» አለ።

«አለ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። እማማም ይመጣሉ። አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ የልጃቸው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።» ከዚያ፣ አንደበቴ ሳያማክረኝ፣ «አንተ እንዳትዘገይ» አልኩት።

አንተ ማለቴን ሁለታችንም ሰማን። ባርኔጣውን ልክ እንደ ደረጃው ቀን አወለቀ፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን አላየም ነበር።

«አንቺ ሳትቀመጪ አልቀመጥም» አለኝ።

ሄደ። የኋላው በር ቀስ ብሎ ተዘጋ፤ እጀታውን ይዞ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ምስጋናዬን ለማን ላድርስ እንዳልኩ ትዝ ይለኛል። ሰዎቹ የታሉ ብሎ ለጠየቀኝ ባለቤቴ፣ በእርሳስ ለጻፈው ለማላውቀው የኮሚቴ አባል፣ የሰው ልብ በአንድ መስመር አልገባ ላላት ለዚያች ምስኪን የመዝገብ ቤት ጸሐፊም ጭምር። ብረቱን ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከመውጣቴ በፊት እጄን አሥራ አራተኛው ወንበር ላይ አሳረፍኩ።

ገና አልቀዘቀዘም ነበር።